ዘውድ ወይስ ጎፈር

ሬት በትለርን መጀመሪያ የተዋወቅኩት በአማርኛ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ከእንግሊዝኛው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለው ልብ ወለድ እጄ ሲገባ ሽፋኑ ተገንጥሎ ነበር፤ በትለር ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ መጽሐፍ ነው። ያዋሰኝ ሰው ቶሎ መልስ ስላለኝ በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። ያን ጊዜ በሐሳቤ የሣልኩት ሬት በትለር ጠይም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ሻለቃን የሚመስል ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ ፊልሙን ሳይ፣ ጆሮዎቹ እንደ ድስት ጆሮ ግራና ቀኝ የወጡ ፈረንጅ ከደረጃው ሥር ቆሞ ፈገግ ሲል ተናደድኩ። ሻለቃዬን የቀሙኝ መሰለኝ። ፊልሙ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው፤ ሳይጋመስ ሻለቃውን ረስቻቸው ነበር።

ሰውየው ክላርክ ጌብል ነው። ስለ እሱ ላነብ ተነሥቼ ሚስቱ ዘንድ ቀረሁ።

ያ ፊልም ገና እየተቀረጸ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1939 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)፣ ጌብል ሥራ የማይገባበትን ቀን ጠብቆ ከተዋናይቷ ካሮል ሎምባርድ ጋር ከሎስ አንጀለስ በመኪና ወጣ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አሪዞና ውስጥ ኪንግማን የምትባል ትንሽ ከተማ ደረሱ፤ ፈቃድ አወጡ፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አጋባቸው፤ ወደ መጡበት ተመለሱ። እሱ 38፣ እሷ 30 ዓመታቸው ነበር። ሙሽሪት የለበሰችው ግራጫ ሙሉ ልብስ ነው። ቬሎ የለ፣ አጃቢ የለ። አብሯቸው የሄደውና ሚዜ የሆነው ኦቶ ዊንክለር ይባላል፤ ሥራው የፊልም ኩባንያው የኤም ጂ ኤም የሕዝብ ግንኙነት ነበር።

ሚዜው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ የሆነበት ሠርግ! መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ስለዚህ ትዳር የማውቀው ነገር ሁሉ፣ ፎቶውም ወሬውም፣ በዚህ ሰው ወይም በባልደረቦቹ እጅ አልፎ የደረሰኝ መሆኑ ገባኝ። ዊንክለርን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ ይመለሳል።

በዚያ ዘመን ተዋናይ የኩባንያ ንብረት ነበር ብንል ብዙም አልተጋነነም። ውሉ ለዓመታት ያስራል፤ የሚሠራውን ፊልም ኩባንያው ይመርጥለታል፤ ሲፈልግም ለሌላ ኩባንያ ያከራየዋል። ሬት በትለርን እንዲጫወት ጌብልን የፈለገው ዴቪድ ሴልዝኒክ የተባለው አዘጋጅ ነው። ኤም ጂ ኤም ጌብልን ሰጠው፤ ከ1 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ጋር። በምላሹ ከትርፉ ግማሹን ወሰደ። የእኔም መጽሐፍ የውሰት፣ ሰውየውም የውሰት!

ጌብል ግን ያኔ ባለትዳር ነበር። ሁለተኛ ሚስቱ ሪያ ላንግሃም በዕድሜ 17 ዓመት ገደማ የምትበልጠው ባለጸጋ ሴት ናት። የመጀመሪያዋም ጆሴፊን ዲሎን እንዲሁ በ17 ዓመት ገደማ ትበልጠው ነበር፤ የትወና መምህሩ ናት፤ አነጋገሩንና አቋቋሙን ያቃናች፣ የተበላሸ ጥርሱንም ያሳከመች። እናቱ የሞተችበት የአሥር ወር ሕፃን ሳለ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ የቀረውን እናንተ አስቡት።

ሪያ በባዶ እጅ የምትሸኝ አልነበረችም፤ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን አይሸኝም። ጉዳዩ ሲጓተት በጃንዋሪ 1939 ፎቶፕሌይ የተባለው መጽሔት ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ የሆሊውድ ጥንዶችን በስም እየዘረዘረ አወጣ። ጌብልና ሎምባርድ ከፊተኞቹ ነበሩ። ዛሬ ብናነበው ለሐሜት እንኳ የማይበቃ፣ እሷ ለእሱ ሲባል አደን ተማረች የሚል ዓይነት ጽሑፍ ነው። የተዋናዮቹ ውል ግን የሥነ ምግባር አንቀጽ ነበረበት፤ የኩባንያ ባለቤቶችም የአብያተ ክርስቲያናትንና የሴቶች ማኅበራትን ቁጣ ይፈሩ ነበር። መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ለፍቺው ጌብል ብዙ ገንዘብ ከፈለ፤ ሬት በትለርን ለመጫወት እሺ ካሰኙት ነገሮች አንዱም ይኸው ወጪ ነበር። እኔ በሦስት ሌሊት የጨረስኩት መጽሐፍ የአንዲት ሴት የፍቺ ድርሻ ሆኖ ተከፍሏል ማለት ነው።

ሪያ ለፍቺው የሄደችው ላስ ቬጋስ ነው። የኔቫዳ ግዛት ሕግ ስድስት ሳምንት የኖረን ሰው እንደ ነዋሪ ቆጥሮ በቀላሉ ያፋታ ነበር። ከተማዋ ያን ጊዜ 10 ሺህ ሰው እንኳ የላትም። የክላርክ ጌብል ሚስት ቁማር ቤት ገባች፣ ፈረስ ጋለበች እየተባለ ፎቶዋ በየጋዜጣው ሲወጣ ከተማዋ የፍቺ አገር ተብላ ስም አተረፈች። ፍቺው በማርች መጀመሪያ ጸደቀ። ላስ ቬጋስንም ያዙልኝ።

አሁን ወደ እሷ።

ካሮል ሎምባርድ ስትወለድ ጄን አሊስ ፒተርስ ነበረች፤ በ1908፣ ኢንዲያና ውስጥ ፎርት ዌይን በተባለ ከተማ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በመኪና አደጋ የመስታወት ስባሪ ግራ ጉንጯን ቀደዳት። ፊት ለሚሸጥበት ሥራ ይህ መርዶ ነው፤ የነበራት ውልም ቀረ። እሷ ግን መብራት ከየት ሲመጣ ጠባሳው እንደሚጠፋ፣ ካሜራው በየት በኩል ሲቆም እንደሚታይ አጠናች። ከዚያ አጫጭር ኮሜዲ ውስጥ ገብታ መውደቅና መነሣት፣ ኬክ ፊቷ ላይ ሲለጠፍ መሳቅ ተማረች። ከታላላቅ ወንድሞቿ ጋር ያደገች ስለሆነች አፏ እንደ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር ይላሉ፤ ሐር ለብሳ ትሳደባለች። በ1937 ከ450 ሺህ ዶላር በላይ አግኝታ ከሆሊውድ ከፍተኛ ተከፋዮች አንዷ ሆነች። አብዛኛው ለግብር ሲሄድ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው ብላ ለጋዜጣ ተናገረች፤ አገር ምድሩ አመሰገናት። ይህን ያቀናበረው ደግሞ ራስል በርድዌል የተባለ ሌላ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች የማይገቡበት የለም!

ሁለቱ በ1932 አንድ ፊልም አብረው ሠርተው ነበር፤ የመጀመሪያቸውም የመጨረሻቸውም። ያኔ እሷ የተዋናዩ የዊልያም ፓወል ሚስት፣ እሱ የሪያ ባል፤ ምንም አልተፈጠረም። ቀረጻው ሲያልቅ የእሱ ሥዕል የተለጠፈበት የአሳማ ጭን ስጋ ስጦታ ሰጠችው ይባላል። በእንግሊዝኛ የዚያ ስጋ ስም ትወናውን የሚያንዛዛ ተዋናይም መጠሪያ ነው። እንግዲህ ፍቅራቸው ከስድብ ጀመረ።

በጃንዋሪ 1936 እሷ ባስተናገደችው፣ ሴቶች ሁሉ ነጭ እንዲለብሱ በታዘዘበት የጭፈራ ምሽት እንደገና ተገናኙ። እሷ ከፓወል ተፋትታለች፤ እሱም ከሪያ ተለይቶ መኖር ጀምሯል። በቀጣዩ ወር፣ በፍቅረኞች ቀን፣ ቀይ ልቦች የተቀቡበት ያረጀ ፎርድ ላከችለት። በአገሩ በጣም የሚፈለገው ወንድ፣ በሚያማምሩ መኪኖቹ ፈንታ ያችን የምታስነጥስ ፎርድ እየነዳ እራት ሊጋብዛት መጣ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ ደጋግሜ የማስባት ይህችን ትዕይንት ነው። አንድ ሰው ሲቀለድበት አብሮ መሳቅ ከቻለ ተስፋ አለው ብዬ ስለማምን ይሆናል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኤድ ሱሊቫን የተባለ የጋዜጣ አምደኛ አንባቢዎቹን አስመርጦ ጌብልን የሆሊውድ ንጉሥ ብሎ ሰየመው፤ ዘውድ ተጭኖለት ፎቶ ተነሣ። ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። ሎምባርድ ግን የሚስቁበትን ነገር አላጣችም፤ የንጉሡን ጆሮ፣ የንጉሡን ሰው ሠራሽ ጥርስ።

ከሠርጉ በኋላ የኖሩት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኤንሲኖ በተባለ ሰፈር ነው፤ ከዳይሬክተር ራውል ዋልሽ በ50 ሺህ ዶላር በተገዛ 20 ኤከር መሬት፣ ስምንት ሄክታር ያህል። የጌብል ኪስ በፍቺው ተራቁቶ ስለነበር ገንዘቡን የከፈለችው እሷ ናት ይባላል። ዶሮ አረቡ፤ ፈረስና ላም ያዙ፤ ትራክተር ነዱ። እሷ ዳክዬ አደን ተምራ ከወንዶቹ እኩል ተኳሽ ሆነች፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ጭቃ ውስጥ ትተኛ ነበር። እሱ «ማ» ይላታል፤ እሷ «ፓ» ትለዋለች። ልጅ አጥብቀው ፈለጉ፤ አልሆነም። ጥሪው ሁሉ ለልጅ ተዘጋጅቶ፣ የሚጠራ ልጅ ሳይመጣ ቀረ።

የቤቱ ሥዕል እዚህ ላይ ቢቆም ያምር ነበር። ለጋዜጣ የተላከውም እስከዚህ ያለው ነው። ጌብል ግን በ1935 ከተዋናይት ሎሬታ ያንግ የተወለደች ሴት ልጅ ነበረችው፤ በአደባባይ የኔ ናት ሳይል ነው የሞተው። ከጋብቻውም በኋላ ከሴቶች ጋር ስሙ ይነሣ ነበር። በጃንዋሪ 1942 ከላና ተርነር ጋር አዲስ ፊልም ሊጀምር ሲል ሎምባርድ በቅናት ተጣልታው ነበር፣ ለጉዞ የወጣችውም ተኳርፈው ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አለ። እኔ ይህን ወሬ እንደ ነውር አላየውም። በሦስት ዓመት ውስጥ ያልተጣሉ ባልና ሚስት የሚኖሩት የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ ነው።

ጉዞው ለጦርነት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበር በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ከተመታ በኋላ ጌብል የሆሊውድ ተዋናዮችን ለጦርነቱ የሚያስተባብር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። የጦር ቦንድ የሚሸጥ ታዋቂ ሰው ሲፈለግ ኢንዲያና የሎምባርድ አገር ስለሆነ እሷ ተላከች፤ እናቷና ዊንክለር ተከተሏት። ጃንዋሪ 15 ቀን ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቦንድ ሸጠች። የታሰበው ግማሽ ሚሊዮን ነበር። ድምፇ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ሕዝቡን አስነሥታ ብሔራዊ መዝሙሩን አዘመረች። ይህን ያደረገችው ያቺ ግብር ሲወስዱባት ደስ አለኝ ያለችው ሴት ናት፤ በዚህ ጊዜ ግን በርድዌል ያቀናበረው ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

የመመለሻ ትኬታቸው የባቡር ነበር። ባቡር ሦስት ቀን ሊፈጅ ነው፤ እሷ ቶሎ ቤቷ መግባት ፈለገች። ምክንያቱ ናፍቆት ይሁን ላና ተርነር፣ ሁለቱም ይሁኑ፣ አውሮፕላን ካልሆነ አለች። እናቷ አውሮፕላን ይፈሩ ነበር። ቁጥር ያስነብቡ ነበርም ይባላል፤ ሦስት ቁጥር አላማራቸውም፦ በረራ ቁጥር 3፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት ዲሲ-3፣ ተጓዦቹ ሦስት፣ ልጃቸው 33 ዓመቷ። ዊንክለርም ባቡሩን መረጠ። ክርክሩ አላልቅ ሲል ሳንቲም ይወርወር ተባለ።

ዘውዱ ከሳንቲማችን ላይ ከወረደ ስንት ዘመኑ፤ እኛ ግን ዛሬም ኳስ ሜዳ ላይ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንላለን። ልጅ ሆነን ሳንቲሙን የሚወረውረው ትልቁ ልጅ ነበር፤ ወደ ላይ ሲነጥር ሁላችንም አንገታችንን አቅንተን፣ ለአፍታ ማንም አይተነፍስም። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሦስት የደከማቸው ሰዎች፣ አንዷ ድምፇ የተዘጋ፣ አንዷ አሮጊት፣ አንዱ ነገ ለጋዜጣ የሚልከውን የሚያስብ፣ አንገታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይታዩኛል። ሎምባርድ አሸነፈች። በደስታ የጮኸች ይመስለኛል፤ ከጠባይዋ እንደዚያ ነው የምገምተው።

ጃንዋሪ 16 ከንጋቱ በፊት ተነሡ። አልበከርኪ ሲደርሱ ለአየር ኃይል ሰዎች ቦታ እንዲለቁ ተጠየቁ። እሷ አሻፈረኝ አለች፤ ትናንት 2 ሚሊዮን የሸጥኩት እኔ ነኝ ብላ ተከራክራ ቆየች። ከወረዱት መካከል የቫዮሊን ተጫዋቹ ጆሴፍ ሲገቲ አለ፤ በሕይወት ኖሮ አረጀ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ የታሰበው ቦልደር ሲቲ ነበር፤ ግን መሽቷል፣ እዚያ ደግሞ የማረፊያ መብራት የለም። ስለዚህ ላስ ቬጋስ አረፈ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ በጠራ ሰማይ ተነሣ። ለአብራሪዎች መንገድ የሚያሳዩት የምድር መብራቶች በጦርነቱ ጥንቃቄ ምክንያት ጠፍተው ነበር። አቅጣጫውን ስቶ ሩብ ሰዓት ያህል እንደበረረ ፖቶሲ ከሚባለው ተራራ ገደል ጋር ተላተመ። የነበሩት 22 ሰዎች በሙሉ አለቁ፤ 15ቱ የጦር አየር ኃይል ባልደረቦች ነበሩ። እናትየውም፣ ሚዜውም።

ጌብል ቤቱ እየጠበቀ ነበር። በኪራይ አውሮፕላን ላስ ቬጋስ ደረሰ፤ ሪያ ስድስት ሳምንት ተቀምጣ ፍቺዋን ወደወሰደችባት ከተማ፣ ያ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው። ወደ ተራራው እወጣለሁ ብሎ ተነሥቶ መንገድ ላይ መለሱት። በረዶውን ወጥቶ አስከሬን የለየው የኤም ጂ ኤሙ ኤዲ ማኒክስ ነው። የእንዲህ ዓይነቱን ቀን መግለጫ ለጋዜጣ የሚያዘጋጀው ሰው ግን ከሟቾቹ መካከል ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል፤ ባጭሩ ልለፈው። ያቋረጠውን ፊልም ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ጨረሰ። በኦገስት 1942፣ በ41 ዓመቱ፣ ወታደር ሆነ። ከእንግሊዝ ፖልብሩክ እየተነሡ ጀርመንን በሚደበድቡ ቢ-17 አውሮፕላኖች ላይ አምስት ጊዜ ዘመተ። በጃንዋሪ 15 ቀን 1944፣ ቦንዱ በተሸጠ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በስሟ የተሠራች መርከብ ውኃ ላይ ስትወርድ የደንብ ልብሱን ለብሶ ቆሞ አለቀሰ። የኤንሲኖውን ቤት አልለቀቀም። በ1949 ሲልቪያ አሽሊን፣ በ1955 ኬይ ዊልያምስን አገባ። ሁለቱም ሎምባርድን ይመስሏታል የሚሉ ሰዎች አሉ። ፎቷቸውን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ፤ ለእኔ ፀጉራቸው ብቻ ነው የሚመሳሰለው።

ሎምባርድ ከሞተች በኋላ ትዳሩ እንከን የሌለው ሆነ። ስለ ሟች ክፉ አይወራም፤ ሞት የጋዜጣ ባለሙያዎች ያልቻሉትን አሳጥቦ ሰጣቸው። ስድቧ ቀረ፤ ቅናቷ ቀረ፤ የአልበከርኪው ክርክሯ ቀረ። ነጭ የለበሰች፣ ጀግና፣ አፍቃሪ ሚስት ብቻ ወጣች። ያችን ሴት አላውቃትም። ፎርዷን ቀብታ የላከችውን ግን ባገኛት ቡና እጋብዛት ነበር።

ጌብል በኖቬምበር 16 ቀን 1960 በ59 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ኬይ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያ ሁሉ ዘመን የተመኘው ወንድ ልጅ በማርች 1961 ተወለደ፤ አላየውም። የተቀበረው ግሌንዴል ፎረስት ላውን ነው፤ ከሎምባርድ ጎን። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ኬይ ነበር። ሆዷን ይዛ ባሏን ከሌላ ሴት አጠገብ አስተኝታ የተመለሰች ሴት። ስለ እሷ የፍቅር ታሪክ የጻፈ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሎምባርድ የመጨረሻ ፊልሟን ሠርታ የጨረሰችው ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ኤርንስት ሉቢትሽ ያዘጋጀው፣ ጀርመን በያዛት ዋርሶ ናዚዎችን እየቀለዱ የሚያታልሉ የቴያትር ሰዎች ኮሜዲ። ለሕዝብ የቀረበው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። በአንድ ቦታ ላይ የእሷ ገጸ ባሕርይ «አውሮፕላን ውስጥ ምን ሊፈጠር ይችላል?» የምትል መስመር ነበረቻት፤ ቆርጠው አወጧት። ባለፈው ሰሞን ሌሊት ቁጭ ብዬ የተቆረጠበትን ቦታ ለማግኘት ጆሮዬን አቁሜ አየሁት። አላገኘሁትም። ሁለተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ መሐል ላይ እሷ ከንፈሯን ነክሳ መኮንኑን ስታሞኘው ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅኩና ምን እየፈለግኩ እንደነበር ጠፋኝ።